ጓሮ የሚያለማ ሰው ለራሱ ምን ያገኛል?

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ስለ ጓሮ አትክልት ሲወራ አብሮ የሚነሳው ቁጥር ነው። የከተማ ግብርና በየቀበሌው መነገር ከጀመረ፣ በኋላም የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ይፋ ከሆነ ወዲህ ጥያቄው አንድ ዓይነት ሆኗል፦ ስንት ኪሎ ተገኘ? ስንት ብር ዳነ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን አዳማ ውስጥ ጓሯቸውን ዓመት ከዓመት ሳይተዉ የዘለቁ ሰዎች ስለ ኪሎ ብዙም አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ዕረፍት ነው። ጠዋት ከቤት ከመውጣታቸው በፊት መደቡን ዞር ዞር ብለው ካላዩ ቀኑ ጎዶሎ ይሆንባቸዋል።

ይህ ስሜት ብቻ ነው ወይስ ምክንያት አለው? ምክንያት አለው፤ ከፊሉም በደንብ የተጠና ነው። እዚህ ጓሮ ማልማት የምንለው ኑሮ የሚመራበትን ግብርና አይደለም። ከሥራ መልስ፣ በእረፍት ቀን ወይም ከጡረታ በኋላ፣ ማንም ሳያዝ በገዛ ፈቃድ የሚሠራውን ነው፤ ሁለት መደብ ጎመንም ይሁን በር ላይ በጣሳ የተደረደረ አበባ።

ገንዘብ አያተርፍም እንዴ?

አዳማ ላይ በጣም ጥቂት። ከተማዋ የአትክልት መተላለፊያ ናት። የመቂና የቆቃ አካባቢ ቲማቲምና ሽንኩርት በእሷ በኩል ያልፋል፤ ምርት በበዛ ሰሞን ዋጋው ክፉኛ ይወርዳል። ጓሮው ውስጥ ጥቂት እግር ቲማቲም የተከለ ሰው ከዚያ ገበያ ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም፤ ውሃ የሚገዛ ከሆነማ ጭራሽ።

የሚያድነው ሌላ ቦታ ነው። በትንሽ በትንሹ፣ ግን ቶሎ ቶሎ የሚፈለጉ ነገሮች አሉ፦ ቃሪያ፣ የጥብስ ቅጠል፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ። እነዚህ ከገበያ ሲገዙ ግማሹ ሳይበላ ይጠወልጋል። ከጓሮ ሲሆን ግን ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ተቀንጥሶ ይመጣል። ቁጠባው ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ቃል የሚገባ ሰው ቢገጥማችሁ አትመኑት። ለገንዘብ ብሎ የጀመረ ሰው የቲማቲም ዋጋ የወረደ ዕለት መኮትኮቻውን ይሰቅላል። የሚዘልቁትን የሚያቆያቸው ሌላ ነገር ነው።

ያሳርፋል የሚባለው እንዴት ነው? ሥራ አይደለም ወይ?

የነገሩ ልብ ይህ ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንየው።

ሰው ሁለት ዓይነት ትኩረት አለው። አንደኛው በግድ የሚሰበሰበው ነው። ሒሳብ ሲሠራ፣ ባጃጅ ሲነዳ፣ ደንበኛ ሲያስተናግድ፣ ለፈተና ሲያጠና የሚጠቀመው ይህን ነው። ይህ ትኩረት ሌላውን ሐሳብ ሁሉ እየገፋ ስለሚሠራ ይደክማል። ሲደክም ሰው ይነጫነጫል፤ ቀላል ነገር ይረሳል፤ አንዴ ያነበበውን መስመር ደግሞ ያነባል። ሁለተኛው ሳይጠሩት የሚመጣ ትኩረት ነው። ቅጠል ላይ ያረፈች ጥንዚዛ፣ የውሃ ድምፅ፣ ትናንት ያልነበረ እምቡጥ ዓይንን በራሳቸው ይስባሉ። ይህኛው ጉልበት አይጠይቅም።

ራቸል ካፕላንና ስቲቨን ካፕላን የተባሉት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በስፋት ያብራሩት ሐሳብ፣ ሁለተኛው ትኩረት ሥራ ሲይዝ የመጀመሪያው ያርፋል የሚል ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የዋለ በሬ አስቡ። ከቀንበር ሲፈቱት ወዲያው አይተኛም፤ ይግጣል፤ ዝንቡን በጭራው እየተከላከለ ከሣር ወደ ሣር ይሄዳል። እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ግን እያረፈ ነው፤ የሚሄደው ራሱ ወደ ፈለገበት ነውና። አረም የሚነቅል ሰው እጁ ይሠራል፣ ወገቡም ይጎብጣል፤ ከአእምሮው ላይ ግን ቀንበሩ ወርዷል።

ታዲያ ስልክ ማየት አያሳርፍም? ስልክም ትኩረትን ሳይጠሩት ይስባል፤ እውነት ነው። ልዩነቱ ስቦ አይለቅም። የሚቀጥለውን፣ ደግሞ የሚቀጥለውን እያሳየ ለሌላ ሐሳብ ቦታ አይተውም። ጓሮ ዓይንን ይዞ ሐሳብን ይለቃል። ሰው ጎመን እየኮተኮተ ስለ ልጁ ትምህርት ሊያስብ ይችላል፤ ከወንድሙ ጋር የተቀያየመበትን ነገር በእርጋታ ሊያወጣና ሊያወርድ ይችላል። ደግሞም ጭቃ የነካ እጅ ስልክ አያነሳም። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን ከጓሮ ጥቅሞች ሁሉ ተገቢው ያህል ያልተነገረለት ይህ ነው እላለሁ።

ይህ ተለክቶ ያውቃል?

አዎ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት አለ። 30 አትክልተኞች መጀመሪያ ሆን ተብሎ የሚያስጨንቅ ፈተና ተሰጣቸው። ከዚያ ገሚሶቹ ለ30 ደቂቃ መሬታቸው ላይ እንዲሠሩ፣ ገሚሶቹ ደግሞ ቤት ውስጥ ተቀምጠው እንዲያነቡ ተደረገ። ከምራቃቸውም ኮርቲሶል ተለካ። ኮርቲሶል ሰውነት ሲጨነቅ የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። ለአጭር ጊዜ ሰውን ለአደጋ ያዘጋጃል፤ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ግን ጤናን ይጎዳል። ኮርቲሶሉ በሁለቱም ቡድን ቀነሰ፤ መሬት ላይ የሠሩት ዘንድ ግን ይበልጥ ቀነሰ። ስሜታቸውም ሲጠየቅ መሬት ላይ የሠሩት ከፈተናው በፊት ወደነበሩበት ተመልሰው ተገኙ፤ ያነበቡት ግን አልተመለሱም።

ጥናቱ አነስተኛ ነው። ተሳታፊዎቹም ቀድሞውኑ አትክልት የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ጓሮ የሚሰለቸውም ሰው እንዲሁ ይሆናል ብሎ መደምደም አይቻልም። ነገር ግን ብቻውን አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ሥራ ቀደም ሲል የተደረጉ 22 ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመረምር፣ ጓሮ ማልማት ከድብርትና ከጭንቀት መቀነስ፣ በሕይወት ከመርካትም ጋር አብሮ እንደሚሄድ አሳይቷል።

ከሁሉም ቀድሞ የሚጠቀሰው የሮጀር ኡልሪክ ጥናት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ታተመ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ባለ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 46 ሕሙማን መዝገብ ተነጻጸረ። ገሚሶቹ የተኙበት ክፍል መስኮት ዛፎችን ያሳያል፤ የሌሎቹ የጡብ ግድግዳን። ዛፍ የሚያዩት በአማካይ ከአንድ ቀን ጥቂት ባነሰ ጊዜ ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። እነዚህ ሰዎች አልተከሉም፣ አልኮተኮቱም፤ ያዩት ብቻ ነው። ጉልበት ለሌለው አረጋዊ ወንበር አውጥቶ መደቡ አጠገብ ማስቀመጥ ከንቱ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በማኅበራዊ ሚዲያ በብዛት የሚዞር ሌላ ወሬ አለ፤ አፈር ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ድብርትን ያድናል የሚል። የወሬው ምንጭ እውነተኛ ምርምር ነው። ማይኮባክቴሪየም ቫኬ የተባለ የአፈር ባክቴሪያ በአይጦች ላይ ተሞክሮ የአንጎል ሴሎችን እንደሚያነቃ እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። ነገር ግን አይጦቹ ባክቴሪያውን የተሰጣቸው በላቦራቶሪ ነው፤ አፈር የነካ ሰው ሁሉ ከድብርት ይድናል ማለት ከጥናቱ አይወጣም። ጽኑ ድብርት ያለበት ሰው ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ጓሮው ከሕክምናው ጎን ይሁን እንጂ በሕክምናው ፈንታ አይሁን።

ለሰውነትስ?

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። መካከለኛ ማለት ልብ ፈጠን፣ ትንፋሽ ከፍ ሲል፣ ግን ማውራት ሲቻል ነው። መቆፈር፣ መኮትኮት፣ ጀሪካን ተሸክሞ ውሃ ማጠጣት ከዚህ ውስጥ ይገባሉ። ጂም የማይሄድ፣ መንገድ ላይ መሮጥም የሚያሳፍረው ሰው ሳይታወቀው ይህን ያሟላል። ቁጭ ብድግ ማለቱ፣ መኮትኮቻ አጥብቆ መያዙ፣ ጎንበስ ብሎ ቀና ማለቱ በተለይ ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ዋጋ አለው፤ ያልተሠራበት ጉልበት ከዕድሜ ጋር ቶሎ ይከዳልና።

አዳማ ላይ ሰዓት መምረጥ ግድ ነው። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት፣ ወደ ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ። ሁለት ጥንቃቄዎችም መነገር አለባቸው። አፈርና ፍግ ውስጥ የቴታነስ ጀርም ይኖራል፤ ክትባቱ ያለፈበት ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ፤ የቆሰለ እጅም በጓንት ይሸፈን። ውሃ የተጠራቀመበት በርሜል ወይም ባልዲ ደግሞ ሁልጊዜ ይከደን። አዳማ የወባ አካባቢ ናት፤ ክፍት ውሃ ትንኝ ይራባበታል።

ምግቡስ? የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ መብላትን ይመክራል። ሁለት መደብ ይህን ለአንድ ቤተሰብ አይሞላም። የሚሠራው ሌላ ነገር ነው፤ ደጃፍ ላይ ያለ ቆስጣ ሳይታሰብ ወጥ ውስጥ ይገባል። ልጆችም ራሳቸው ዘርተው ያጠጡትን ለመቅመስ እምብዛም አያንገራግሩም፤ በየአገሩ በትምህርት ቤት ጓሮዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ ይጠቁማሉ።

በአዳማ ሙቀትና ነፋስ ይሆናል?

ይሆናል፤ ግን የቦታውን ጠባይ ማወቅ ይጠይቃል። ከተማዋን በሚያዋስኑት ኮረብታዎች ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች ቆመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው ምዕራፍ 51 ሜጋ ዋት፣ ተከታዩ ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ያን ሁሉ የሚያሽከረክረው ነፋስ በበጋ ጓሮ ውስጥ ሲገባ ከቅጠልም ከአፈርም እርጥበቱን ይዞ ይሄዳል። አፈሩም የስምጥ ሸለቆ አፈር ነው፤ ቀላል፣ አሸዋ የበዛበት፣ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ጠጠር የተቀላቀለበት። ውሃ ሲፈስበት ደስ ብሎት ይቀበላል፤ ግን ሥር ጋ አያቆየውም፣ ወደ ታች ያሳልፈዋል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ብስባሽ ማለትም ኮምፖስት ውሃ ይዞ ያቆያል። የቡና አተላ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የደረቀ ቅጠል ተደባልቆ በትንሽ ውሃ ይረጥባል፤ አየር እንዲገባው አልፎ አልፎ ይገለበጣል። ጥቃቅን ነፍሳት በልተው ሲጨርሱት ጥቁር፣ የዝናብ አፈር የሚሸት ነገር ይሆናል። መደቡ ላይ የጤፍ ጭድ መጎዝጎዝም ፀሐይና ነፋስ አፈሩን በቀጥታ እንዳያገኙት ያደርጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ የሃይላንድ ፕላስቲክ ክዳኑ በምስማር ተበስቶ፣ ቂጡ ተቆርጦ፣ ከሥሩ አጠገብ ተዘቅዝቆ ይቀበራል። የፈሰሰበት ውሃ ጠብ ጠብ እያለ የሚደርሰው ሥሩ ጋ ብቻ ነው።

ሙቀቱ ግን ስጦታም አለው፤ ነገሮች ቶሎ ይደርሳሉ። ቆስጣና ሰላጣ በሁለት ወር ገደማ ለገበታ ይበቃሉ። ፓፓያ አንድ ዓመት ሲሆነው ማፍራት ይችላል። ይህ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው፤ ሰው በድካሙና በፍሬው መካከል ያለውን ግንኙነት ዓይኑ እያየ ሲያገኘው ለመቀጠል ይበረታታልና።

ሲደርቅብኝስ? ተስፋ አያስቆርጥም?

ይደርቃል። ዶሮ ይጭረዋል። ዘሩ ሳይበቅል ይቀራል፤ ለምሳሌ የሰላጣ ዘር አፈሩ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ አልበቅልም ይላል፤ ስለዚህ በግንቦት ሙቀት የዘራ ሰው ዘሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ጥላ ሥር፣ ወደ ማታ ሲዘራ ይበቅላል። ቲማቲም ላይ ደግሞ ቱታ አብሶሉታ አለች፤ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥታ እ.ኤ.አ. በ2012 አገራችን ውስጥ የታየች ተባይ ናት። ትሏ ቅጠሉን ከውስጥ እየሰረሰረች ታነጣዋለች፤ ፍሬውንም ትበሳለች።

የጓሮ ጥቅም ሲነገር ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ለእኔ ግን ከዋናዎቹ አንዱ ነው። አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ባቀረበው ጽሑፍ፣ አንድ ሰው «ይህን እችለዋለሁ» ብሎ በራሱ ማመኑ ከየት እንደሚመጣ አብራርቷል። ከሌላ ሰው ማበረታቻም ይመጣል፤ ሌላው ሲችል ከማየትም ይመጣል። ከሁሉ የሚጠነክረው ግን ራሱ ሞክሮ፣ ታግሎ ያሳካው ነገር ነው። ያለ ትግል የተገኘ ነገር ይህን እምነት አይሠራም። ጓሮ ትግሉን በልክ ይሰጣል። የከሰረው አንድ መደብ ሰላጣ ነው እንጂ የቤተሰብ እንጀራ አይደለም። አለቃ የለም፤ ውጤት የሚሞላ የለም። ሥራ ያጣ ወጣት፣ ጡረታ ወጥቶ ማንም የማይፈልገው የመሰለው አባት፣ ወልዳ ቤት የዋለች እናት ጓሮ ውስጥ የሚያገኙት ይህንን ነው፤ የሚጠብቃቸው ነገር አለ፤ ትናንት ያላወቁትን ዛሬ ያውቃሉ፤ ለውጡንም ራሳቸው አምጥተውታል።

ከሰው ጋርስ ምን ያገናኘዋል?

አዳማ ውስጥ ጤና አዳም ያለው ቤት ጎረቤቱ ሁሉ የሚያውቀው ቤት ነው። ቡና የፈላበት ቤት ልጅ ይልካል፤ ልጁ አንዲት ዘለላ ይዞ ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜ «ነይና አብረሽ ጠጪ» የሚል ቃልም ተከትሎ ይመጣል። የዳማ ከሴ ቅጠል ለምች የሚፈለገው በድንገት፣ ብዙ ጊዜም በማታ ስለሆነ፣ ማን ጋ እንደሚገኝ ማወቅ ሰፈሩን ማወቅ ነው። ቆስጣ ደግሞ ሲደርስ አንድ ቤት ከሚበላው በላይ ይሆናል፤ የተረፈው ለጎረቤት መሄዱ አይቀርም። ችግኝ የሰጠ ሰው ከሳምንት በኋላ «እንዴት ሆነልህ?» ብሎ ይጠይቃል። ወሬ የጠፋባቸው ጎረቤታሞች እንዲህ ወሬ ያገኛሉ።

መሬት የሌለው ተከራይ ምን ያድርግ?

ቆሻሻው ወጥቶ የታጠበ የዘይት ጀሪካን ጎኑ ተቀዶ፣ ታችኛው በምስማር ተበስቶ ለበሶብላና ለቃሪያ ይበቃል። ማዳበሪያ ጆንያ አፈርና ብስባሽ ተሞልቶ ጎመን ያበቅላል፤ ጎኑን ቀዳዳ ቀዳዳ አድርገው በዙሪያውም የሚተክሉ አሉ። ቤት ሲቀየር ከዕቃው ጋር ይጫናል። ከአከራይ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ግን ይበጃል፤ የግቢው ውሃ የጋራ ነውና። ከላይ የተነገሩት ጥቅሞች ለመሥራት ሰፊ መሬት አይጠይቁም፤ የሚበላ ነገር መሆኑም ግድ አይደለም። ጽጌረዳም፣ ግንብ ላይ የወጣች ቦገንቪላም ዓይንን ያሳርፋሉ።

በምን ይጀመር?

ቶሎ በሚደርስና ሙቀት በሚችል። ቆስጣ፣ የሀበሻ ጎመን፣ በሶብላና ቃሪያ ለአዳማ ጀማሪ ከቲማቲም ይሻላሉ። አጥር ጥግ ላይ ደግሞ ድርቅ የሚችለው ሽፈራው ቢተከል ቅጠሉም ይበላል፣ ነፋሱንም ያበርዳል። ቲማቲምና ሽንኩርት የሚፈልግ ሰው የዘሩን ስም ይጠይቅ። ከከተማዋ 20 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ያለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እንደ «መልካ ሾላ» ያለ ቲማቲም፣ እንደ «አዳማ ቀይ» ያለ ሽንኩርት ያወጣው ለአገራችን ሁኔታ ነው። ቲማቲም በክረምት ዝናብ ቅጠሉ ስለሚታመም፣ ውሃ ማጠጣት የሚችል ሰው ከመስከረም ማብቂያ በኋላ ችግኙን ቢያወጣ ይሻለዋል።

መደቡ ትንሽ ይሁን፤ እጅ ከሁለቱም ጎን መሃሉ የሚደርስበት፣ አንድ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ይበቃል። ቦታውም በየቀኑ የሚታለፍበት ይሁን፤ ከኩሽና በር ወይም ከውሃ ቧንቧ አጠገብ። ከቤት ጀርባ የተደበቀ መደብ ይረሳል፤ የሚታይ መደብ ግን በራሱ ይጠራል። ቆስጣው ሲደርስ ከሥሩ አይነቀል፤ የዳር የዳሩ ቅጠል እየተቀነጠሰ የመሃሉ ለጋ ከተተወ ለወራት ያቆጠቁጣል።